ከወንዙ ማዶ የሚነደው እሳት፦ የእቴቴ የሕይወት ታሪክ

በቤተሰቡም በመሥሪያ ቤቱም «እቴቴ» እየተባሉ የኖሩት አክስታችን፣ ከከሰል ጫኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. በብርዱ ወራት፣ ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫው አጥር ጋር ተጣብቀው ከተሠሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። «እቴቴ» ያሏቸው መጀመሪያ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ከወንድማቸው ሰፈሩ ወሰደው፣ ከሰፈሩ ትምህርት ቤቱ፣ ኋላም ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ለመዱት። በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ ማመንጫው ጭስ ማውጫ ስለሚያይ ተከፍቶ አያውቅም። እናታቸው በሰፈሩ የታወቁ ሰፊ ቢሆኑም ነጭ ጨርቅ አይቀበሉም ነበር፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ ሳያልቅ ጥላሸት ያርፍበታልና። የሰፈሩ ሙሽሮች ልብሳቸውን ሌላ ከተማ ሄደው ያሰፉ ነበር። አባታቸው ከሰሉን ከባቡር ፉርጎ በአካፋ ሲያራግፉ ኖረው፣ እቴቴ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ሳንባቸው አልቆ ሞቱ። የድርጅቱ ሐኪም የሞቱን ምክንያት ሲጠየቅ «ሲጋራ ነው» አለ። ሰውየው ሲጋራ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። እናታቸው ለማን አቤት ይበሉ? ሐኪሙም የድርጅቱ፣ ቤቱም የድርጅቱ፣ የሬሳ ሣጥኑም የድርጅቱ ነው።

እቴቴ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በድርጅቱ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአጎራባች ከተማ ከአንዲት የእናታቸው ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተማሩ። ዘመዲቱ በጥርሷ እየሳቀች በሆዷ የምትቆጥር ሴት ነበረች። እቴቴ ሰው ቤት ገብተው ጠጪ ሳይባሉ ውሃ እንኳ ያለመጠጣት ልማዳቸው ከዚያ የመጣ ነው። በ1972 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1977 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ፤ ከተመራቂዎቹ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀጥሎም ለሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ተልከው የኃይል ሥርዓት ዕቅድ አጥንተው ተመለሱ። ሻንጣቸው ሲከፈት ከመጽሐፍ በቀር ምንም ስላልተገኘበት እናታቸው «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት ተሸክመሽ ስትመጪ ለእኔ አንዲት መርፌ አጣሽ?» ብለው ግማሹን በቀልድ ግማሹን ከልባቸው ተቆጡ። እቴቴ በሳምንቱ መርፌ ገዝተው አመጡ። ከዚያው ከሰፈሩ ሱቅ ነው የገዙት፤ እናታቸውም ያውቃሉ።

በ1981 ዓ.ም. በብሔራዊው የኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ተረኛ መሐንዲስ ሆነው ተቀጠሩ። ክፍሉ መስኮት የለውም። አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በአገሪቱ መስመሮች ካርታና በትናንሽ መብራቶች የተሸፈነ ነው፤ ከካርታው ፊት ስልክ የተደረደረበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። የዚህ ክፍል ሥራ አንድ ነው፤ ሕዝቡ በየደቂቃው የሚፈልገውንና ማመንጫዎቹ የሚሰጡትን ማስተካከል። ሚዛኑ ከተዛባ አገር ይጨልማል። በገቡ ሰሞን አንድ አንጋፋ ተረኛ መሐንዲስ በሰው ፊት «እዚህ ገበታ ላይ የሴት እጅ ካረፈ መብራት ይጠፋል» አለ። እቴቴ ዓይናቸውን ከካርታው ሳያነሱ «ባለፈው ወር ጠፍቶ ነበር። ያኔ ያረፈው የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ያረፈው የሰውየው እጅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰውየው በእሳቸው ፈረቃ ቀልድ ማውራት ተወ።

አብረዋቸው ለመሥራት ቀላል ሰው አልነበሩም። ስልክ ሲያናግሩ «ደህና ዋል» የሚል ነገር አያውቁም፤ የሚፈልጉትን ከሰሙ ይዘጋሉ። ያሠለጠኗቸው ወጣት መሐንዲሶች እርስ በርሳቸው «እቴቴ ጆሮህ ላይ ከዘጋችብህ ልክ ነህ ማለት ነው። ከተሳሳትክማ መቼ ትለቅሃለች!» ይባባሉ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ከአንድ የመስመር ቀያሽ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ በ1988 ዓ.ም. በስምምነት ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም። የተለያዩበትን ምክንያት ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም፤ እኛም አንፈጥርላቸውም። ቀያሹ ዛሬ ረጅም መንገድ ተጉዘው ከመካከላችን ተገኝተዋል፤ እናመሰግናለን።

ታናሽ ወንድማቸው፣ እኛ ልጆቻቸውም ሰፈሩም «ጋሼ» የምንላቸው፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አባታቸው በገቡበት የማመንጫ በር ገብተው የቦይለር ሠራተኛ ሆኑ። ቦይለሯን ሠራተኛው «አሮጊቷ» ይላታል። ከሰል የምትበላ፣ እንፋሎት የምትተፋ፣ ባለ አምስት ፎቅ ቁመት ያላት ማሽን ናት። ጋሼ ድምጿን ሰምተው የታመመችበትን ቦታ ይናገራሉ፤ ስለ ልጆቻቸው ጤና ግን ይህን ያህል አያውቁም ነበር። እሑድ እሑድ እቴቴ ቤት ሻይ ሲጠጡ ክርክሩ ያው አንድ ነው።

«አባታችንን የበላች ናት» ይላሉ እቴቴ።

«ያበላችንስ ማን ናት?» ይላሉ ጋሼ።

«ስኳሩን አቀብለኝ።»

በዚህ ያልቅና በሚቀጥለው እሑድ ከዚያው ይቀጥላል።

በ2000 ዓ.ም. መንግሥት የአገሪቱን የካርቦን ልቀት ለመቀነስ ወሰነ፤ የኃይል ሥርዓቱን ከሥሩ የሚለውጠውን ዕቅድ እንዲመሩም እቴቴ ተሾሙ። ዕቅዱን ላልሰሙ ባጭሩ ይህ ነው። ሁሉን ጠቅልሎ የያዘው አንድ ድርጅት ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ያመነጫል፣ አንዱ ያስተላልፋል፣ አንዱ ያከፋፍላል። በተራራው ሸንተረር ላይ የነፋስ ማማዎች ይተከላሉ። ትልቁ ግድብ፣ ኃይል በሚተርፍበት ሰዓት ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ መልሶ፣ በሚጠፋበት ሰዓት እንዲለቀው ይደረጋል። የከሰል ማመንጫው ይዘጋል። እቴቴ ከሁሉ በላይ የተከራከሩት ለቅደም ተከተሉ ነበር፤ መጀመሪያ አዲሱ ማመንጫ ከነመስመሩ፣ ቀጥሎ ለሠራተኛው አዲስ ሥራ፣ መዝጋቱ በመጨረሻ። «አዲሱ ጣሪያ ሳይከደን አሮጌው ቤት አይፈርስም» ይሉ ነበር። ሚኒስቴሩ ከሦስቱ የወደደው የመጨረሻውን ነው። መዝጋት ርካሽ ነው፤ በቴሌቪዥንም ያምራል።

የመዘጋቱ ነገር ለሠራተኛው የተነገረው በማመንጫው ምግብ አዳራሽ ነው። ምክትል ሚኒስትሩ ራሳቸው መምጣት ሲገባቸው እቴቴን ላኩ፤ የሰፈሩ ልጅ ናት፣ አይወግሯትም በሚል ስሌት። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። እቴቴ ነገሩን አላንዛዙም፤ «ይዘጋል» አሉ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ በያጅ ተነሡ።

«አንቺ፣ የከሰል ጫኙ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አባትሽ የሞተበትን ልትዘጊ መጣሽ?»

«አባቴ የሞተበት ስለሆነ ነው የምዘጋው።»

«ጥሩ ነው። እኛ ግን ገና አልሞትንም። ምን ልንሆን ነው?»

«ነፋስ ጠባቂ!» አለ አንዱ ከመስኮቱ። «ነፋሱን ሌባ እንዳይወስደው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እቴቴም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁለት ቃል ገቡ። አዲስ ሥራ ሳይያዝለት አንድም ሰው ከዚህ በር አይወጣም። አሮጊቷም ተቆራርጣ ብረት ትሆናለች እንጂ ሌላ ቦታ ሄዳ የሌላ ሰው ሳንባ አትበላም። ሠራተኛው እሳቸውን አይቶ አላመነም፤ ዞሮ ያየው ጋሼን ነው። ጋሼ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «እቴቴ ካለች፣ አለች ነው» አሉ። ስብሰባው በዚህ ተበተነ።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲቃረብ መዝጊያው በሁለት ዓመት እንዲቀድም ታዘዘ። የነፋስ ማማዎቹ ቆመዋል፤ ኃይሉን ከሸንተረሩ ወደ ከተማ የሚያወርደው መስመር ግን አልተዘረጋም። ክንፎቹ ለማንም ሳይሆን ሲሽከረከሩ ከአውራ ጎዳናው ይታዩ ነበር። ለሠራተኛው የተባለው ሥልጠናም ጥቂት ሳምንት የኮምፒውተር ትምህርት ሆኖ ቀረ። ያ ሽማግሌ በያጅ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብለው «አንዱን ፊደል ስነካ ሦስቱ ይጻፋል። ወይ ማሽኑን ቀይሩልኝ፣ ወይ ጣቴን ሞርዱልኝ» አሉ ይባላል። የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ሥራ አልተሰጣቸውም።

እቴቴ በየስብሰባው ተቃወሙ፤ ሥራቸውን ግን አልለቀቁም። «እኔ ከወጣሁ የሸንተረሩን መስመር የሚያስዘረጋ የለም» ነበር ምክንያታቸው። በዚህ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ወንበራቸው ላይ በመቆየታቸው ውሳኔው የእሳቸው ሆኖ ተቆጠረ። በሰፈራቸው ገበያ ውስጥ ሲያልፉ ሰላምታ የሚመልስላቸው ጠፋ።

ቀጥሎ ያለውን እንድንተወው ዘመድ ሁሉ ለምኖናል። እቴቴ ራሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩት ስለነበር እኛ የምንደብቅበት ምክንያት የለም።

አሮጊቷን የማፍረሱ ሥራ ለነባሮቹ ሠራተኞች ተሰጠ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ በጋዝ እሳት ትቆራረጥ፣ ዋናው የእንፋሎት ጋን ይበሳ፣ ዳግመኛ ለሥራ እንዳትውል። ሠራተኞቹ ይህን ማድረግ አቃታቸው። ዕድሜ ልካቸውን ስንጥቋን ሲደፍኑ የኖሩ ሰዎች ሊሰነጥቋት እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ቡሎኑን አንድ በአንድ ፈቱት። እያንዳንዱን ቱቦ በቀለም ቁጥር ጻፉበት፣ ጫፉን ግሪስ ቀቡት፣ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ አሠሩት፣ በመልክ በመልኩ ሜዳው ላይ ደረደሩት። ማንም አላዘዛቸውም፤ ክፉ ሐሳብም አልነበራቸውም። ጥሩ ሠራተኛ ዕቃ ሲፈታ እንዲህ ነው የሚፈታው፤ ሌላ አፈታት አያውቁም።

እቴቴ ለቁጥጥር ሲመጡ ሜዳው ላይ የተኛውን አዩ። መሐንዲስ ናቸውና ምን እያዩ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ጋኗ አልተበሳችም» አሉ።

«ተይን፣ እቴቴ» አሉ ጋሼ። «ሰው እንኳ ሲሞት ታጥቦ ይገነዛል እንጂ አይቆራረጥም።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለእኛ አይደለም? እኛው ነን ተይ የምንልሽ። ከተማው መግቢያ ላይ መልሰን እናቆማታለን። ልጆች ያዩዋታል፣ አባቶቻቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ያውቃሉ። ሥራችንን ወሰድሽ፤ ይቺን እንኳ ተይልን።»

ቁረጡ ማለት ነበረባቸው። አላሉም። ሥራ ያሳጡትን ወንድማቸውን በዚህች ሊክሱ ፈልገው ፊታቸውን አዙረው ወደ መኪናቸው ሄዱ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ለሰው ፊት ብለው ያለፉት ነገር ይህ ብቻ ነው። እሱም በቃ።

ጥሩ ሆኖ የተደረደረ ዕቃ ገዢ አያጣምና፣ ምክትል ሚኒስትሩ አሮጊቷን በቁርጥራጭ ብረት ፈንታ እንደ ሙሉ ማሽን፣ ድንበር ከሆነው ወንዝ ማዶ ላለ የጎረቤት አገር ባለሀብት ሸጧት። ባለሀብቱ በቱቦዎቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚያነብለት ሰው ፈለገ፤ ቁጥሩን የጻፉት ሰዎች ደግሞ ሥራ ፈተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ጋሼ ከሁሉ ቀድመው ሄዱ። እናታችን ከዚያ ቀደም ብላ ስላረፈች ሦስታችንንም ለእቴቴ ሰጥተውን ነው የሄዱት። እቴቴ ድልድዩ ድረስ ሸኟቸው።

«ተመለስ» አሏቸው።

«በየትኛው በር? ዘግተሽዋል እኮ።»

ከዚያች ቀን በኋላ ወንድምና እህት ለብዙ ዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር አልተቀመጡም። ጋሼ በትምህርት ቤት ዕረፍት ድልድዩ ላይ ቆመው እኛን ይረከባሉ፤ ድልድዩ ላይ ይመልሱናል። እቴቴ ከወዲህ፣ ጋሼ ከወዲያ፣ የሚነጋገሩት ስለ ካልሲያችንና ስለ ጉንፋናችን ነበር።

አሮጊቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ማዶ ነደደች። ያው ከሰል፣ ያው ቱቦ፣ ያው እጅ። በዚህ በኩል ደግሞ የከሰሉ ማመንጫ ተዘግቶ፣ የሸንተረሩ ነፋስ ያለ መስመር ቆሞ፣ አገር የኃይል እጥረት ገጠማት። መፍትሔ ተብሎ የተገኘው ከማዶ ኤሌክትሪክ መግዛት ሆነ። በወንዙ ላይ የሚያልፈው መስመር ባንድ ዓመት ውስጥ ተዘረጋ፤ ለሸንተረሩ የጠፋው ሽቦ ለወንዙ ተገኘ። ነፋሱ ወደዚህ ሲዞር ጥላሸቱም ይመጣል። ጥላሸቱ በነጻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ ልቀት በሲሶ ቀነሰ ተባለና በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሽልማት ተሰጠ። ከተሸላሚዎቹ አንዷ እቴቴ ነበሩ። መድረክ ወጥተው ሜዳሊያውን ተቀበሉና ማይክሮፎኑን ከመድረክ መሪው እጅ ወሰዱ።

«ጭሱ አልሞተም» አሉ። «ፓስፖርት አውጥቶ ተሻገረ እንጂ። ጋኗን ሳላስበሳ ያሻገርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይሄ ለእኔ አይገባም።»

ሜዳሊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወረዱ። ምክትል ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው ተነሥተው «እቴቴ መቼም ቀልድ ይወዳሉ» አሉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ግን ፈገግታው አልነበረም።

«በሰው አገር የሚወጣ ጭስ በእኛ አይቆጠርም። ይህን ሳያውቁ ነው ዕቅዱን የመሩት?»

«ሰማዩንም አጠራችሁት?» አሉ እቴቴ።

ከወር በኋላ «የረጅም ጊዜ ጥናት ክፍል ኃላፊ» ተብለው ተዛወሩ። ክፍሉ ማለት እሳቸው፣ አንድ ጠረጴዛና የማይሠራ ስልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ በሰዓቱ ገብተው በሰዓቱ ወጡ። ባልደረቦቻቸው በሻይ ሰዓት በዚያ ኮሪደር ማለፍ ተዉ፤ መንገዱ ይረዝምባቸው ጀመር። ከእነሱ መካከል ዛሬ የአበባ ጉንጉን ይዘው የመጡ አሉ። አበባው ያምራል።

የወንድማቸውን ሦስት ልጆች ያሳደጉት በእነዚሁ ዓመታት ነው። የማቀፍ ልማድ አልነበራቸውም። አንዷ እናቷን አስባ ስታለቅስ «አልቅሺ፣ ማን ከለከለሽ? ግን የቤት ሥራሽን እየሠራሽ» ያሉ ሴት ናቸው። የቤት ሥራው ተሠራ። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። ስላደረጉልን ነገር ስናመሰግናቸው «ታዲያ ምን ላድርግ ነበር? ወንዝ ልጣላችሁ?» ይሉ ነበር።

ለሸንተረሩ መስመር ከዚያች ጠረጴዛ ሆነው ሲወተውቱ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2016 ዓ.ም. መስመሩ ተጠናቀቀ። በምርቃቱ ላይ አልተጠሩም። ለእሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ አሮጊቷን ማስቆም። ነፋሱ መጥቷል፣ ግድቡ ውሃውን መልሶ ያነሣል፤ ከማዶ የሚገዛው ኃይል ከእንግዲህ አያስፈልግም ብለው አመኑ። ሚኒስቴሩ ደግሞ በብርዱ ወራት፣ ጠዋት፣ ፋብሪካውም ባቡሩም የየቤቱ ማሞቂያም አንድ ላይ በሚነሡበት ሰዓት፣ ያለዚያ መስመር አገር ይጨልማል አለ። ሞክሩት ሲሏቸው የሚሞክር ጠፋ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የዛሬ ኃላፊ የእሳቸው ተማሪ ናቸው፤ በእቴቴ ማዕድ ቤት፣ ፕላስቲክ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ስሌቱን አብረው ሠርተው፣ ልክ መሆኑን አይተዋል።

«ልክ ነዎት፣ እቴቴ። ግን እኔ በራሴ ሥልጣን መስመሩን ብቆርጥና ቢሳሳትብኝስ?»

«አንድ ጠዋት ብቻ ነው ያልኩት። ከብርዱ ወራት አንዲት ጠዋት ያለ እሷ ትለፍ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ አንኖርም የሚል ሰው በምን አፉ ይናገራል?»

ኃላፊው ሻያቸውን ጨርሰው ወጡ። በራሳቸው አልሞከሩትም። አንወቅሳቸውም፤ አናመሰግናቸውም ነበር፣ እስከ ትናንት ድረስ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እቴቴን ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሲመረመሩ የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙን ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ሲጠይቁት «እንደ ፈጣሪ ፈቃድ ነው» አላቸው። «የፈጣሪን አይደለም፣ የአንተን ግምት ነው የጠየቅሁህ» አሉት። ነገራቸው። አመሰግናለሁ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጋሼ የመጡት ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። ድልድዩን ተሻግረው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አልጋው አጠገብ ቆሙ።

«አጥንት ብቻ ቀረሽ» አሉ።

«አንተ ደግሞ ከሰል ከሰል ትሸታለህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ያኔ ጋኗን አስበስተሽ ቢሆን ይቅር አልልሽም ነበር» አሉ ጋሼ።

«እኔ ባለማስበሳቴ ራሴን ይቅር አላልኩም። አንተንም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ማዶ ያ ሁሉ ቤተሰብ በእሷ ነው የሚተዳደረው።»

«አጥፋት አላልኩህም። በየዓመቱ ለጽዳት ታቆማት የለም?»

«በሙቀቱ ወራት።»

«ዘንድሮ በብርዱ አቁማት። በጠዋት።»

«አገርሽ ይጨልማል፣ እቴቴ።»

«አይጨልምም።»

«ቢጨልምስ?»

«ያኔ እኔ ተሳስቻለሁ። አንተ ትስቃለህ።»

ጋሼ አልሳቁም። እሺም እምቢም ሳይሉ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገውላቸው ወጡ። እቴቴ መልሱን ሳይሰሙ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው አንድ ወንድም፣ ያሳደጓቸው ሦስት የወንድም ልጆች፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያሠለጠኗቸው ብዙ መሐንዲሶች፣ እንዲሁም ሥራ ያጡባቸውና ዛሬም ያልታረቋቸው የሰፈር ሰዎች ቀርተዋል። ያልታረቃችሁም መጥታችኋል፤ መጥታችሁ መቀመጣችሁን እናከብራለን።

ወንድማቸው ከመካከላችን የሉም። እህታቸው ባረፉ ማግስት ከማዶ ደውለው «ቀብሩን በጠዋት አድርጉት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት» አሉን፤ ምክንያቱን አልነገሩንም። ምክንያቱን የነገሩን ትናንት የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ማዶ ያለው ማመንጫ ለዓመታዊ ጽዳት ልቁም ብሎ ጠይቋል፤ የጠየቀው ለዛሬ ጠዋት ነው። ጥያቄው በደንቡ መሠረት ቀረበ፣ ኃላፊውም በደንቡ መሠረት ፈቀዱ። እንዲህ ያለ ቦይለር በችኮላ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃልና ጋሼ ለሌላ እጅ አልተዉትም። ከእህታቸው ቀብር የቀሩት በዚህ ነው።

ስለዚህ ይህ በሚነበብበት ሰዓት አሮጊቷ ቆማለች። ውጭው ብርድ ነው፣ ፋብሪካው ተነሥቷል፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ በየቤቱ ማሞቂያ ይሠራል፤ ከማዶም ምንም አይመጣም። እኛ ይህን የጻፍነው ትናንት ስለሆነ የሚሆነውን አናውቅም። ማይክሮፎኑ ጠፍቶ አንባቢው እየጮኸ ከሆነ እቴቴ ተሳስተው ነበር፤ እሳቸውም ቢሆኑ ይህ ሳይሸፋፈን እንዲነገር ነው የሚፈልጉት። ድምፁ እየተሰማ ከሆነ ግን ልክ ነበሩ። ያም ሆኖ ጽዳቱ ሲያልቅ አሮጊቷ ትለኮሳለች፤ ውሉ ገና አላለቀም፣ ያፍራል ብለን የምንጠብቀውም ሰው የለም። ብቻ ከዛሬ ጠዋት በኋላ «አይቻልም» የሚል ሰው እያወቀ ነው የሚዋሸው።

የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ ይቀበልልን፤ እሳቸው ያላገኙትን ዕረፍት ይስጣቸው። አሁን ሁላችሁም፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁትም፣ ቀና ብላችሁ አምፖሎቹን ተመልከቱ። ከዚያ ተነሡ፣ እንሸኛቸው።